የልጄን ፎርም ስሞላ ራሴን አገኘሁት፦ ሐኪም ሳይለኝ «ኦቲስቲክ ነኝ» ማለት እችላለሁ?

ጓዳ_ወዳድ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ኦቲዝም እንዳለበት ነገሩን። ከዚያ በፊት እንድንሞላው የሰጡን ወፍራም ፎርም ነበር። ማታ እሱ ከተኛ በኋላ ኩሽና ቁጭ ብዬ ጀመርኩት። ዕቃ መደርደር ይወዳል? አዎ። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል? አዎ። የለመደው ነገር ሲቀየርበት ይረበሻል? በጣም። ሦስተኛው ገጽ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የምሞላው ስለ እሱ ይሁን ስለ እኔ ተምታታብኝ።

ልጅ ሆኜ አክስቴ ስታጎርሰኝ «በሞቴ» ትለኝ ነበር። እምቢ ካልኩ በቃ የምትሞት ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ጉርሻውን ተፋሁትና ጓሮ ሄጄ ለቅሶው እስኪጀመር ጠበቅኩ። ቤተሰቤ እስካሁን ይስቅብኛል። አሁን 35 ዓመቴ ነው። ባለፈው አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ምነው ጠፋሽ?» ብትለኝ «አልጠፋሁም፣ ቤት ነው ያለሁት፣ አድራሻዬም ያው ነው» አልኳት። ከምሬ ነው። መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ሰርግና ክርስትና ካለ ከመሄዴ በፊት የምለውን መስታወት ፊት እለማመዳለሁ። ስመለስ ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቼ መተኛት አለብኝ። የምሠራው ፋርማሲ ነው። ክኒን ቁጠሪ ብትሉኝ ቀኑን ሙሉ እቆጥራለሁ፤ ስልክ አንሺ ስባል ግን ላብ ያጠምቀኛል።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን ባለ 50 ጥያቄ ሠራሁ። 32ና ከዚያ በላይ ያመጣ ይመርመር ይላል። 39 አመጣሁ። ባለ 80 ጥያቄውንም ሠራሁ፣ እዚያም ከመስመሩ በላይ ነኝ። ባለቤቴ «አሁን ደግሞ አንቺም ጀመርሽ?» አለኝ። አዋቂ የሚመረምሩበት ቦታ ደወልኩ። ኢንሹራንሴን አይቀበሉም፣ ወረፋውም ወራት ነው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሐኪም ሳይለኝ «ኦቲስቲክ ነኝ» ብል ዋሸሁ?

የፒያሳ_ልጅ (አዲስ አበባ)

እህቴ ሙች፣ ይሄ ኦቲዝም ከሆነ እኔም አለብኝ። እኔም ጉርሻ አልወድም። እኔም ሰርግ ቤት ያለው ሞንታርቦ ራሴን ያዞረኛል። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ አለብን። ድሮ «ዝምተኛ ናት» ይባል ነበር፣ አሁን ፈረንጅ ስም አወጣለት። በቃ እንደዚህ ነሽ፤ ምን ወረቀት ያስፈልግሻል?

የሚኪ_እናት (አዲስ አበባ)

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ነኝና ብቆጣ አትፍረዱብኝ።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። አይናገርም። ባለፈው ሁለት ቀን ሙሉ ጉንጩን በቡጢ ሲመታ ነበር። ሆዱን ነካሁት፣ ጆሮውን አየሁለት፣ ትኩሳቱን ለካሁ። በሦስተኛው ቀን ጥርሱ መሆኑ ታወቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥርሱን እያመመው እኔ ሩዝ እያቀረብኩለት ነበር።

«ኦቲዝም» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነው፣ በቴሌቪዥን። እሳቸው በፈረንጆቹ 2002 ለልጃቸው ለጆጆ ቦታ ቢያጡ ጆይ የሚባለውን ማዕከል ራሳቸው ከፈቱ። አሁን በሕይወት የሉም። እሳቸው አደባባይ ወጥተው «ልጄ ኦቲዝም አለበት» እስኪሉ ድረስ እኛ ቡዳ ነው እየተባልን ከጸበል ጸበል ስንዞር ነበር። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሚኪ ሲጮህ «የምን ቁጣ ነው የመጣባችሁ» የሚለኝ ሰው አለ። ጎረቤቴ እንግዳ ሲመጣባት ልጄን አስገቢው ትለኛለች።

አሁን ደግሞ ሥራ ያላቸው፣ ትዳር ያላቸው፣ መኪና የሚነዱ ሰዎች ያንኑ ስም ለራሳቸው ያወጣሉ። እህቴ፣ አንቺን ክፉ ነሽ አላልኩም። ግን እኔ ያንን ስም ስሰማ ደሜ ነው የቀዘቀዘው። አንቺ ስትሰሚው እፎይ አልሽ። አንድ ነገር ነው እንዴ?

ጫልቱ_ነኝ (ሚኒሶታ)

የሚኪ እናት ❤️ ምንም የምለው የለኝም፣ አነበብኩሽ ብቻ።

ሐኪም_ዘጎንደር

የአእምሮ ሐኪም ነኝ። ማንንም በጽሑፍ አልመረምርም፤ ግን ሁለት ሦስት ነገር ላጥራ።

መጀመሪያ ለወይዘሮዋ ጥያቄ፣ «አንድ ነገር ነው እንዴ?»። ሐኪሞችም 80 ዓመት ተከራክረውበታል። ሊዮ ካነር የሚባል የልጆች አእምሮ ሐኪም በ1943 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ባልቲሞር ውስጥ 11 ልጆችን አይቶ ጻፈ፤ አንዳንዶቹ እንደ ሚኪ የማይናገሩ ነበሩ። በዓመቱ ሃንስ አስፐርገር የሚባል ሌላ ሐኪም ቪየና ላይ አቀላጥፈው የሚያወሩ፣ ግን ከሰው ጋር የማይገጥሙ ልጆችን ገለጸ። ለብዙ ዓመት ሁለቱ የተለያየ ነገር መስለው ቆዩ። ያገናኘቻቸው ሎርና ዊንግ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም ናት፣ እሷም ኦቲዝም ያለባትን ልጅ ያሳደገች እናት። በ1979 ከጁዲት ጉልድ ጋር ካምበርዌል በሚባል የለንደን ሰፈር ያሉ ልጆችን ስታጠና የካነርን መግለጫ የሚያሟሉት ጥቂት ሆኑባት። ያንን ሳያሟሉ ግን ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ብዙ ነበሩ። ስፔክትረም የሚለው አስተሳሰብ፣ ማለትም አንድ ሆኖ መልኩ ከሰው ሰው የሚለያይ ነገር ነው የሚለው፣ ከዚያ መጣ። አሜሪካኖቹ በአእምሮ ሕክምና መመሪያቸው በ1994 አስፐርገር የገለጸውን በእሱ ስም ለብቻው አስቀመጡት፤ በ2013 ደግሞ ሁሉንም አንድ ስም ውስጥ አስገቡት። ለሚያስፈልገው እርዳታ መጠን 1፣ 2፣ 3 የሚል ደረጃ ሰጡት። ስለዚህ ወይዘሮ፣ ስሙ አንድ የሆነው በቅርብ ነው። አንድ መሆኑ ትክክል ነው ወይ የሚለው ክርክርም አልበረደም። ቁጣዎ መሠረት አለው።

ሁለተኛ፣ ለፒያሳው ልጅ። «ሁላችንም ትንሽ አለብን» ስህተት ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ካየሃቸው አዎ፣ ሁሉም ሰው ላይ አሉ። ምርመራው ግን አንድ ምልክት አይፈልግም። ከሰው ጋር በመግባባት በኩል ሦስት ዓይነት ችግር አለ፣ ሦስቱም መኖር አለባቸው። በመደጋገም፣ በልማድ፣ በአንድ ነገር መጠመድና በስሜት ሕዋሳት በኩል ካሉት አራት ደግሞ ቢያንስ ሁለቱ። ከልጅነት መጀመር አለበት። ኑሮን ማወክ አለበት። በሌላ ነገር የማይብራራም መሆን አለበት። ራሱን በራሱ የሚመረምር ሰው የሚዘላት ይህችን የመጨረሻዋን ነው።

ሦስተኛ፣ ፈተናው። ባለ 50 ጥያቄው በ2001 ካምብሪጅ የወጣ ነው። የማጣሪያ ወንፊት እንጂ ሚዛን አይደለም። ሲሠራ ኦቲዝም ካለባቸው አዋቂዎች 100 ቢኖሩ 80ው 32ና ከዚያ በላይ አመጡ፣ ከሌላው ሰው ግን 2ቱ ብቻ። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ጭንቀት ያለበት ሰው፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረጋ ብሎ የመቀመጥ ችግር) ያለበት ሰው፣ ብዙ ያየ ስደተኛም ከፍ ያለ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል።

ደግሞ የተሠራው ለእንግሊዞች ነው። ምርመራውም ቢሆን ከዚያው ባህል የመጣ ነው፤ ዓይን ለዓይን የማየትን ነገር ውሰዱ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ነው። ፍጥጥ ብሎ የሚያየው ነው ባለጌ የሚባለው። እዚያ ምልክት የሚሆነው እዚህ አስተዳደግ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ምልክቱ ያለባት ልጅ «ጨዋ» ተብላ 30 ዓመት ሳትታይ ትቀራለች። ክፍሌ መጥተው «ምንም አልነበረባትም፣ በጣም ጨዋ ነበረች» ያሉኝን እናቶች ቁጥራቸውን አላስታውስም።

የፒያሳ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ፈተናውን አሁን ገብቼ ሠራሁት። «ከድግስ ቤተ መጻሕፍት ይሻለኛል» የሚል ጥያቄ አለ 😂 እኔ ባደግኩበት ጊዜ ቤተ መጻሕፍት የሚሄደው ቤት ውስጥ መብራት የሌለው ነው። የመኪና ታርጋ ታያለህ ወይ ይላል፤ የታክሲ ረዳት ነበርኩ፣ ሥራዬ ነው። 17 አመጣሁ ለማንኛውም። የለብኝም ማለት ነው ዶክተር?

ሐኪም_ዘጎንደር

ወንፊቱ አላስቀረህም ማለት ነው። ሌላ ምንም ማለት አይደለም።

በርበሬ_ደላዡ (አዲስ አበባ)

ዶክተሩ በደንብ አስረድቷል፤ እኔ በኩሽና ቋንቋ ልድገመው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስፔክትረም ሲባል ከትንሽ እስከ ብዙ የተዘረጋ ማስመሪያ ይመስለዋል።

በርበሬ አስቡ። ዛላው አለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ። የኔ ቤት በርበሬና የእናቴ ቤት በርበሬ አንድ አይደለም። እሷ ኮረሪማ ታበዛለች፣ እኔ በሶብላ። ሁለቱም ግን በርበሬ ነው። የሚኪ ቤት በርበሬ ዓይን የሚያስለቅስ ነው። የጓዳ ወዳድ ደግሞ በአንዱ ቅመም የከረረ፣ በሌላው የለሰለሰ ሊሆን ይችላል። አሁን ጓዳው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ያለው ሰው «እኔም ትንሽ በርበሬ አለኝ» ሊል ነው? የለህም ወንድሜ፣ ነጭ ሽንኩርት ነው ያለህ።

ቀይባሕር_ማዶ (ስቶክሆልም)

እኔ ከዚህ ክር ማለፍ አልቻልኩም፣ ታሪኬ ስለሆነ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ኦቲስቲክ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ። ፈተናዎቹን ሁሉ አልፌያቸዋለሁ፣ «አልፌያለሁ» ከተባለ። ድምፅ አልችልም። በር ሲንኳኳ እዘላለሁ። ሰው የተሰበሰበበት ባቡር ውስጥ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሰው ዓይን ማየት አልወድም። ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፣ ግድግዳ ጋ፣ በሩ በሚታየኝ በኩል። ቪዲዮ ላይ ያሉት ሰዎች «ይሄ ኦቲዝም ነው» ሲሉኝ አለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እብድ አይደለሁም አልኩ።

ተራዬ ደርሶ ስመረመር ስለ ልጅነቴ የሚነግራቸው ሰው ፈለጉ። እናቴን በስልክ፣ በአስተርጓሚ አናገሯት። እናቴ «እሱ? የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሰብስቦ ኳስ የሚያጫውት፣ ሠርገኛ ፊት የሚጨፍር ልጅ ነበር» አለቻቸው። ሐኪሟ ዞር ብላ «መቼ ነው ድምፅ መፍራት የጀመርከው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ሊቢያ ነው። መጋዘን ውስጥ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሰው ይወሰድ ነበር።

ኦቲዝም አይደለም አሉኝ። ያለፈ ሰቆቃ የተወው ነገር ነው፣ ኤዲኤችዲም አለብህ አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ተናደድኩ። ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ያፈረሱብኝ ነው የመሰለኝ። በኋላ ሳስበው ግን በነዚያ ሁለት ዓመታት ሊታከም የሚችል ነገር ሳላሳክም ጆሮ መድፈኛ እየገዛሁ ነበር። አሁን ሕክምና ላይ ነኝ። ባቡሩን አሁንም አልወደውም፤ ግን እሳፈራለሁ።

ጓዳ ወዳድ፣ አንቺን የለብሽም ማለቴ አይደለም። አንቺ የአክስትሽን ጉርሻ ከልጅነትሽ ታስታውሻለሽ። እኔ ከልጅነቴ ምንም አልነበረኝም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

አንድ_ሰው (ዳላስ)

ቪዲዮ ስለተነሳ፣ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2023 ስለ ኦቲዝም መረጃ የሚሰጡ 133 ታዋቂ የቲክቶክ ቪዲዮዎች መርምረው ትክክል የነበረው 27 በመቶው ብቻ ነው። 41 በመቶው ስህተት፣ ቀሪው የአንዱን ነገር ለሁሉም የሚያደርግ። ከአራት ቪዲዮ የሚታመነው አንዱ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ደግሞ አታውቅም።

ሰላም_ከዱባይ

ማዳሜ ተኝታለች፣ ቶሎ ብዬ ልጻፍ።

የምሠራበት ቤት የሰባት ዓመት ልጅ አለ፣ ኦቲዝም አለበት። ስገባ ምንም አላውቅም ነበር። ለልጁ የምትመጣ አስተማሪ ናት ያስተማረችኝ። መፍጫውን ከማስነሳቴ በፊት ሦስት ጣት አሳየዋለሁ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ከዚያ እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ አስነሳዋለሁ። አይጮህም። የውሃ ክዳን ይሰበስባል፣ ሰማያዊውን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ። ሳጸዳ አልነካበትም።

እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። ወንድሜ። አገር ቤት፣ ወሎ ገጠር። እንደዚህ ልጅ ነበር። ጠጠር ይደረድር ነበር፣ ከሰው ጋር አይበላም። ጋኔን ነው ብለው ጸበል ወሰዱት፣ ታስሮ ከረመ። አባቴ ጠጠሩን ረግጦ በተነበት፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ለቀመ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ከብት ይጠብቃል፣ እያንዳንዷን ላም በኮቴዋ ያውቃታል። ማንም መርምሮት አያውቅም፣ ማንም አይመረምረውም። ለእሱ እኔ ነኝ ያወቅኩለት፣ በሰው ቤት፣ በሰው ልጅ። ይሄም ራስን መመርመር ነው ከተባለ ይባል። ባለፈው ስልክ ደውዬ ለእናቴ «ድምፅ ሲበዛበት ተዉት፣ በረት ይሂድ» አልኳት። እሺ አለች።

ጓዳ_ወዳድ (ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም አነበብኩ። ሰላም፣ አንቺን ሦስት ጊዜ።

የሚኪ እናት፣ እርስዎን ሳነብ አፈርኩ። እፎይ ማለቴ እውነት ነው፣ አልክድም። ልጄ ወደፊት ይናገር አይናገር ገና አላውቅም፤ አሁን ያሉት ቃላት አሥራ አንድ ናቸው። ስሙን ከእርስዎ ልጅ ላይ ለመውሰድ አይደለም የመጣሁት። ግን እንደዚያ እንደሚሰማ አሁን ገባኝ።

የሚኪ_እናት (አዲስ አበባ)

አንቺ በይኝ፣ አንቱታው ይቅር። አልተቀየምኩሽም። አሥራ አንድ ቃል ብዙ ነው፣ ጠብቂው።

ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይደለም። አሁንም ለሁለቱ ሁለት ስም ቢኖረው ደስ ይለኛል። ግን ካልሽው ውስጥ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሚኪ ሊነግረኝ ስለማይችል። እንግዳ ሲበዛ ለምንድን ነው ሻርፔን የሚጎትተው? ጭንቅላቱ ላይ ጥምጥም አድርጎ ይጎትተዋል። እኔ እቀማዋለሁ፣ እንዳያንቀው ብዬ። ያለቅሳል።

ጓዳ_ወዳድ (ቨርጂኒያ)

የሚኪን አላውቅም፣ ስለ ራሴ ብቻ ልንገርሽ። ድምፅ ሲበዛብኝ ሰውነቴ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይጠፋብኛል። እንደ ፈሰሰ ውሃ በይው። ያኔ ጥብቅ ያለ ነገር ሲይዘኝ ተመልሼ እሰበሰባለሁ። እኔ ጋቢ ውስጥ እጠቀለላለሁ፣ ከባዱን፣ የአባቴን። ቀላል ነጠላ ግን ያሳክከኛል፣ ይባስ ያደርገኛል። ሻርፑን ከመቀማትሽ በፊት አንገቱ ጋ የማይደርስ ከባድ ነገር ሞክሪለት፣ ትከሻው ላይ። ላይሠራም ይችላል።

የሚኪ_እናት (አዲስ አበባ)

ጋቢ አለን። እሞክራለሁ።

ሐኪም_ዘጎንደር

ጓዳ ወዳድ፣ ወረፋሽን አትልቀቂ። እስከዚያ «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ተጠቀሚ፤ ውሸት አይሆንብሽም፣ የስቶክሆልሙን ወንድማችንን ወጥመድም ያስቀርልሻል። እናትሽ በሕይወት ካሉ አሁኑኑ ደውለሽ ጠይቂያቸው፣ መርማሪው መጠየቁ አይቀርም። «ጨዋ ነበርሽ» ካሉሽ እዚያ ላይ አታቁሚ። ጨዋ ስሆን ምን አደርግ ነበር በያቸው። የኦቲዝም ውርስ ከፍተኛ ነው፤ በ2019 የወጣ የአምስት አገሮች ጥናት በኦቲዝም በኩል ሰውን ከሰው ከሚለየው ነገር 80 በመቶ ያህሉን ለዘር ውርስ ሰጥቶታል። ስለዚህ ልጅሽን አይተሽ ራስሽን መጠርጠርሽ እብደት አይደለም። ብዙ ወላጆች ክፍሌ የሚመጡት እንደዚሁ ነው።

የፒያሳ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ነጭ ሽንኩርት ነኝ፣ ተቀብያለሁ 🙏

ጓዳ_ወዳድ (ቨርጂኒያ)

ደወልኩ። ደሴ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው ያገኘኋት።

«እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ምን ዓይነት ነበርኩ?» አልኳት። ዶክተር፣ ልክ እንዳልከው፣ «ከሁሉም ጨዋዋ» አለች። ጨዋ ስሆን ምን አደርግ ነበር አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። ምስር ስጪያት ይላሉ አሉ፣ እኔን ዝም ለማሰኘት። ሰፌድ ላይ ይዘረጉልኛል። ጠጠሩን ለቅሜ ስጨርስ አላቆምም። ቡኒውን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ፣ የተሰበረውን ለብቻ አደርጋለሁ። ወጡ እየጠበቀ እናቴ ትለምነኛለች፣ ገና አልጨረስኩም እላለሁ። አንድ ቀን እህቴ ቀላቅላ ድስት ውስጥ ጨመረችው። ሦስት ቀን ምስር አልበላሁም ብላ ነገረችኝ። ይሄን እኔ ፈጽሞ አላስታውሰውም።

እንግዳ ሲመጣስ አልኳት።

«እንግዳ ሲመጣማ አልጋ ሥር ነበርሽ። እኔም አላስወጣሽም ነበር።»

ለምን አላስወጣሽኝም ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔስ የት ነበርኩ?» አለች። «ጓዳ ነዋ። በዓል በመጣ ቁጥር ሳሎን ወጥቼ አላውቅም፣ አባትሽን ጠይቂው። ሥራ በዝቶባት ነው ይላሉ። ሥራውን ማታውኑ ጨርሼው ነው የማድረው።»